የክንድ ልኬት

ሌሊት ነው የገቡት፣ በሁለት አይሱዙ፣
ስም ዝርዝር ሳይኖራቸው፣ አንድ ወረቀት ሳይዙ።
ጧት እኛ ስንደርስ፣ ሜዳው ውርጭ ለብሷል፣
ከመጋዘኑ በር፣ የሳል ድምፅ ይደርሳል።

ቆላ ነው የኖሩት፤ ማንጎ ከደጃቸው፣
አንሶላ ነው፣ ካለም፣ የሌሊት ልብሳቸው።
ደብረ ብርሃን ደግሞ፣ እንኳን ለእንግዳ ሰው፣
ተወልዶ ላደገም፣ ብርዷ አጥንት የሚምሰው።
አንዲት የጠባሴ ሴት ባናዋን አምጥታ፣
ለማን እንደሆነ ሳትል፣ ጥላ ሄደች በዝምታ።

ጠረጴዛችን የትምህርት ቤት ዴስክ ነው፣
አንድ እግሩ ቢያጥር በድንጋይ ያቆምነው።
መዝጋቢው ወንድይፍራው፣ እስክሪብቶው እንቢ ቢለው፣
ቀለሙ እስኪሞቅ ድረስ በብብቱ ሸጎጠው።

«ሳል አለ? ስንት ሳምንት? ሌሊት ያልብዎታል?
ትኩሳት? ተቅማጥ? ክብደትዎ ቀንሷል?»
ቅጹ የሚለው ይህን ነው፤ እኔም የማነበው።
አንድ ሽማግሌ ግን ጥያቄዬን ቆም ብሎ አሰበው፦
«ላብ እንኳ አንዴ ነው ያላበኝ፣ የሮጥን ለታ፤
ይኸም ይጻፋል ወይ?» አለኝ በእርጋታ።
ወንድይፍራው እኔን አየ፤ እኔም ቅጹን አየሁት፤
ለእንዲህ ያለው ላብ ቦታ ፈልጌ አጣሁት።

ሕፃናቱ ወደ እኔ ነው። ሪባን አለችኝ ጣት የምታህል፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ያያት ሁሉ ሌላ ነገር ያስባል።
እኔ ግን ክንድ ነው የምለካባት፣ ሰንደቅ አይደለችም፤
ከትከሻና ከክርን መሃል ወጥታ አታውቅም።
አረንጓዴ ከሆነ «ደህና ነው» ብዬ አሳልፋለሁ፤
ቢጫ ከሆነ «ቆይታችሁ ኑ» እላለሁ፤
የቢጫዎች ዱቄት ካለቀ ወር ሊሞላው ነው።
ቀይ ሲሆን ብቻ ነው ካርቶን የሚከፈተው፣
የለውዙ ፓኬት የሚሰጠው።

የይታይሽ ተራ ደረሰ። ልጇ ደርሶልኝ ይባላል፤
ዓመት ከስምንት ወር ነው፤ ቢያለቅስም ድምፁ ያንሳል።
እኅቱ አስረበብ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ቀድማ ቆመች ክንዷን ዘርግታ፤
«ሪባኗ እስከ አምስት ዓመት ነው» ስላት መለሰችው፣ ሳታኮርፍ፣ ተስማምታ።
የትንሹን አዞርኩ፤ አነበብኩ፤ ዐሥራ አንድ ነጥብ ስምንት።
ቢጫ።
እናቱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፦
«ጠበቅ አርጊውማ፣ እኅቴ፤ ጥቂት፤ አንድ ቅንጣት።»

እጄ አላጠበቀም። እንዲህ ነው የተማርነው፤
ቆዳው ከተጨማደደ ልኬቱ ሐሰት ነው፣
ሐሰቱም ከሌላ ልጅ አፍ የሚነጠቅ ነው።
ይህን ልላት አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው
«በሦስተኛው ቀን ነይ» የሚለው ብቻ ነው።
እሷም አልተቆጣች። ቁልቁል አየችው ልጇን፤
«እስኪቀላ ልጠብቅ ነው?» አለች፣ ሳብ አድርጋ ነጠላዋን።

ማታ ቤቴ ገብቼ የገዛ ልጄን ክንድ ለካሁ፤
አረንጓዴ። ደግሜ ለካሁ።
ባሌ «ምን ሆነሻል?» አለኝ፤ «ምንም» አልኩት፤ መብራት አጠፋሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የሰልፉ አንደኛ እሷ ነች፤
ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ልጁን በዚያች ባና ጠቅልላ መጣች።
እጅጌውን ራሷ ሰበሰበች።
አዞርኩ። አላጠበቅሁም፤ አላላላሁም።
ዐሥራ አንድ ነጥብ አራት።
«ቀይ ነው» አልኳት፤ ፊቷ በራ፣ ልክ እንደ ሰማች ብሥራት።
እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያት ደስ አለኝ፤
የካርቶኑን ፕላስተር ስበጥስ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።
ወንድይፍራው ቀና ብሎ ሁለታችንን አየና፣
እስክሪብቶውን ከብብቱ አወጣና፣
ቁጥሩን ጻፈው።